በክብር የተቀመጠ መልስ

«ጽፈውለት ነበር እኮ፤ ግን አልፈለጉትም።»

ፉሞ ይህችን ቃል የሰማት ከመጋረጃው ኋላ ቆሞ፣ ለእንግዳው ሁለተኛውን ሻይ ሊቀዳ ፔርሙሱን ሲያዘነብል ነበር። ተናጋሪው አጎቱ ቧና ፈረጂ ናቸው። እንግዳው ደግሞ ለዘመድ ሠርግ ከላሙ ደሴት ወደ ሞምባሳ የመጡት የቁርዓን መምህር፣ ማሊም ሼ። መምህሩ ማሃምሪያቸውን፣ በዘይት የተጠበሰውን ጣፋጭ ዳቦ፣ እየቆረሱ በኮኮናት ወተት የበሰለውን አተር ያጠቅሳሉ፤ እንዲያው ለጨዋታ ያህል፣ ይኼ የእህትህ ልጅ መርከበኛ ካልሆንኩ ብሎ ሲያስቸግርህ አልነበር ወይ፣ ምን ደረሰለት ብለው ጠየቁ። አጎትየው የጎረሱትን እንኳ ሳይውጡ ነው የመለሱት። ከዚያ ወሬው ወደ ሠርጉ ፍየሎች ዞረ፤ የፍየል ዋጋ ሰው የሚያሳርድ ሆኗል እየተባለ ተሳቀ። ፉሞ ሻዩን ይዞ ገባ። ስኳሩን ረስቶት ነበርና ማሊም ሼ አንድ ጊዜ ፉት ብለው፣ «ልጄ፣ ስኳር በሽተኛ ነው ብሎ ያማኝ ማነው?» አሉት። ሁሉም ሳቁ፤ እሱም ሳቀ።

ቤቱ ውስጥ የሚታወቀው ግን ሌላ ነበር። ፉሞ ለመርከበኞች ማሠልጠኛው ካመለከተ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ደግሞ አንዲት ፊደል አልመጣችም ነው የተባለው። ያን ጊዜ የራሱ የኢሜይል አድራሻ አልነበረውም፤ አጎቱ ናቸው «የቢሮውን አድራሻ ስጣቸው፣ የድርጅት ሲሆን ክብደት አለው» ያሉት። ከዚያ ወዲህ እናቱ ዙሌካ በየጁምዓው ምሳ ስታቀርብለት «መልስ መጣ?» ትለዋለች፤ እሱም «ገና ነው» ይላታል፤ እሷም ከዓሣው ጀርባ ያለውን ወፍራሙን ሥጋ ፈልቅቃ ወደ እሱ ትገፋዋለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ባለፈው ረመዳን ሃያ አምስት ዓመት ሞላው፤ ማሠልጠኛው ደግሞ ሃያ አምስት የሞላው አይቀበልም። ፉሞ በዚህ አላለቀሰም። ብቻውን ሲሆን የሚያስበው ሰው ነውና ነገሩን በራሱ መንገድ አስተካክሎ አስቀመጠው፦ እነሱ ካልጻፉልኝ፣ እዚሁ እንድኖር ተጽፎልኛል። በዚህች ዓረፍተ ነገር ላይ ተኝቶ ይነቃ ነበር። አሁን አጎቱ ማሃምሪ እያኘኩ ከሥሩ ሳቧት።

ወደ አጎቱ ቢሮ ሲሄድ መንገድ ላይ ግን ተሟገተላቸው። ሰው ለእንግዳ ነገር ያሳምራል፤ መልስ እንኳ የነፈጉት የእህት ልጅ አለኝ ከማለት ጽፈው አልፈለጉትም ማለት ይሻላል፤ ውርደቱም ወግ ይኖረዋል። አባቱ ከሞተ ጀምሮ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ለእናቱ ከቤታቸው ላይኛ ፎቅ፣ ወደ ባሕሩ መስኮት ያለውን ክፍል የሰጡት እሳቸው ናቸው። የገዛ ልጃቸው አግብቶ ክፍል ሲፈልግ እንኳ «አክስትህ ተቀምጣበታለች» ብለው መልሰውታል። እንዲህ ያለ ሰው በአንድ ቃል አይከሰስም።

ቢሮው ከቅመም ነጋዴዎቹ መደዳ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ቧና ፈረጂ ትራንዚተር ናቸው፤ የሰው ዕቃ ከወደብ ያስወጣሉ። ከታች የሄልና የቅርንፉድ ሽታ ይወጣል፤ ከላይ ማራገቢያው አንድ ክንፉ ስለተጣመመ ሲዞር እንደ አስም በሽተኛ ያፏጫል። በጠባቧ መስኮት በሁለት ሕንፃዎች መሀል የሰርጡ ውኃ ይታያል፤ ትልቅ መርከብ ሲያልፍ ሰማዩ ሁሉ ብረት ይሆንና፣ የሚሄደው መርከቡ ሳይሆን ቢሮው ይመስላል። ፉሞ ይህን ስሜት ለማንም ነግሮ አያውቅም። መርከብ ባለፈ ቁጥር ጣቱ ከኮምፒውተሩ ላይ ይነሣል፤ አጎቱም ቀና ሳይሉ «አልፋለች፤ ጻፍ» ይሉታል። እሳቸው በስዋሂሊ ይናገራሉ፤ እሱ በእንግሊዝኛ ይጽፋል። ኮንቴይነሩ ዘገየ፣ ክፍያው ተለወጠ፣ ጉምሩክ አንድ ማኅተም ጎደለ አለ። ያን ቀን ጠዋትም እንዲሁ አለፈ። ጁምዓ ስለነበር ደንበኛ በዛ፤ ሁሉም ከሶላት በፊት ጉዳዩ እንዲያልቅለት ይፈልጋል። የሶላት ጥሪ ሲሰማ አጎቱ ቆባቸውን አስተካክለው ተነሡ፤ «አትከተለኝም?» አሉት፤ «እደርስብዎታለሁ» አለ። ጁምዓ ሲያሳልፍ የመጀመሪያው ነበር።

የቢሮው የኢሜይል ፕሮግራም አሮጌ ነው። የመጣውን ሁሉ ከኢንተርኔት እየጎተተ እዚያው ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ያከማቻል። ሌሎቹ ትራንዚተሮች ይህን ከተዉት ቆይተዋል፤ ቧና ፈረጂ ግን «የእኔ ንብረት ሰው ቤት አያድርም» ብለው አሻፈረኝ አሉ። ስለዚህ ቢሮው ከተከፈተ ጀምሮ የመጣ የሄደ ደብዳቤ ሁሉ እዚያ አለ። ፉሞ ያን ጊዜ ብዙ ፈልጎ ነበር፤ ግን የፈለገው የማሠልጠኛውን ስም ነው፤ የፈለገውም አዲስ ደብዳቤ በሚገባበት ፎልደር ውስጥ ብቻ ነው። የሚጠባበቅ ሰው በሩን ነው የሚያየው፤ ጓዳውን አይፈትሽም። አሁን ግን በፍለጋው ሳጥን ውስጥ የራሱን ስም ጻፈ። ሰው የራሱን ስም ሲፈልግ እንደ ሌባ መፍራቱ ገረመው። «በዚህ ፎልደር ብቻ» የሚለውን አነሣና «በሁሉም» የሚለውን ነካ። ማሽኑ ትንሽ አጉረመረመ። ውጤቱ እየተንጠባጠበ መውረድ ጀመረ፤ እሱ ራሱ ለደንበኞች የጻፋቸው፣ ከሥራቸው ስሙ ያለባቸው፣ አንዱ ባንዱ ላይ። ዝርዝሩን በላኪ ስም ሲያሰልፈው አንድ የማያውቀው ላኪ ብቅ አለ። ርዕሱ «የፉሞ አብደላ ማመልከቻ፦ የቃል ፈተና ጥሪ» ይላል።

አነበበው። ማመልከቻውን ተቀብለውታል። ለቃል ፈተናና ለጤና ምርመራ ማክሰኞ ጠዋት እንዲቀርብ፣ ነጭ ሸሚዝ እንዲለብስ፣ የመታወቂያውን ቅጂ እንዲይዝ ይላል። ነጭ ሸሚዝ የምትለዋን ደግሞ አነበባት፤ ያኔ ነጭ ሸሚዝ ነበረችው፣ አንገቷን እናቱ ገልብጣ የሰፋችለት።

ግን ገና አልተቆጣም። ውጤቱ ማን እንደላከው፣ መቼ እንደመጣ፣ ስለ ምን እንደሆነ ይናገራል፤ የት ተቀምጦ እንደነበር ግን አይናገርም። ልክ እንደ ሰፈር ወሬ ነው፤ የሆነውን ይነግርሃል እንጂ ከየትኛው ቤት እንደወጣ አይነግርህም። ፉሞም የሚፈልገው ይህንኑ ብቻ ነበር። ፕሮግራሙ ቆሻሻ ነው ብሎ የሚጥላቸው ደብዳቤዎች የራሳቸው ፎልደር አላቸው፤ እዚያ ከወደቀ ጥፋቱ የማሽን ነው፣ ማሽን ደግሞ ዘመድ አይደለም። የተሰረዙት ቅርጫት ውስጥ ቢገኝም ጣት ያዳልጣል፤ የሽማግሌ ጣት ይቅርና የእሱም አዳልጦት ያውቃል። «ያ ረቢ፣ ቆሻሻው ውስጥ አድርገው» አለ። ሰው ስለ ራሱ ደብዳቤ እንዲህ ያለ ዱዓ ያደርጋል ብሎ አስቦ አያውቅም። ከዝርዝሩ አናት፣ በስተቀኝ ጥግ፣ ለዓይን የማትሞላ ምልክት አለች፤ ስትነካ የሚታዩትን ዓምዶች ትዘረዝራለች። ከመሀላቸው «ቦታ» የሚለውን መረጠ። ዝርዝሩ ተጨናንቆ አንድ አዲስ ዓምድ አስገባ፤ መጀመሪያ ሁለት ፊደል ብቻ ታየ፣ በማውዙ ጎትቶ አሰፋው።

«ሄሽማ» ይላል። ክብር ማለት ነው።

ፉሞ ወደ ግድግዳው ዞረ። ከምስማሩ ላይ የተንጠለጠለ የዱቄት ከረጢት አለ። ቧና ፈረጂ የአላህ ስም ያለበትን ወረቀት አይጥሉም። የተቀደደ የቀን መቁጠሪያ ይሁን፣ የኢድ ካርድ ይሁን፣ የደንበኛው ስም አብዱረህማን የሆነበት ደረሰኝ ይሁን፣ ሁሉም ከረጢቱ ውስጥ ይገባል፤ ሲሞላ በጀልባ ወስደው ከጥልቁ ውኃ ያሰምጡታል። ሰው እግር ሥር እንዳይወድቅ፣ ከዓሣ አንጀት ጋር እንዳይጠቀለል። ኮምፒውተሩ የገባ ሰሞን ደግሞ ተጨንቀው፣ «አንተ ልጅ፣ እዚህ ውስጥስ የጌታችንን ስም የት እናደርገዋለን?» ብለው ነበር። ፉሞ በሆዱ እየሳቀ ያን ፎልደር የሠራላቸው ራሱ ነው። ስሙን የነገሩት እሳቸው፣ የጻፈው እሱ። ስለዚህ ነገር ለጓደኞቹ ደጋግሞ አውርቷል፤ ለማላገጥ አይደለም፣ ስለሚወዳቸው ነው። እዚያ ፎልደር ውስጥ ደብዳቤ በራሱ አይገባም። ማሽን አያስገባም። ጣትም አያዳልጥም። አንድ ሰው ደብዳቤውን ከፍቶ፣ አንብቦ፣ «ፉሞ አብደላ» በሚለው ውስጥ የአላህን ስም አይቶ፣ ለመሰረዝ የሄደ እጁን ሰብስቦ፣ ይዞት ሄዶ ነው የሚያስቀምጠው።

ፎልደሩን ከፈተ። ደብዳቤው በአንድ የኢድ ሰላምታና በመስጊድ ጣሪያ መዋጮ መሀል በሰላም ተኝቷል። ከጎኑ፣ መልስ ተሰጥቶበታል የምትለዋ ትንሽ ቀስት አለች፤ ሲነካት የተላከችው መልስ ወጣች። አጎቱ የሚያውቋትን ያህል እንግሊዝኛ አሰባስበው ብቻቸውን የጻፏት ነበረች፦ ልጁ ሥራ አግኝቷል፣ እናመሰግናለን፣ አላህ ይባርካችሁ።

ቧና ፈረጂ ከሶላት ሲመለሱ በወረቀት የተጠቀለለ ትኩስ ካሳቫ ይዘው ነበር፤ ሎሚና በርበሬ የተነሰነሰበት፣ ፉሞ የሚወደው ዓይነት። መስጊድ አጣሁህ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ፉሞ ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞረ። መነጽራቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ፣ በረጅም ነጭ ቀሚሳቸው በካንዙው ጫፍ ጠረጉት፣ አደረጉት፣ አነበቡ። ማራገቢያው ያፏጫል። ከታች አንድ ነጋዴ ከደንበኛው ጋር በቁንዶ በርበሬ ዋጋ ይከራከራል፤ ሰውየው በእናቱ ይምላል፣ ደንበኛው እናትህን አውቃታለሁ ይለዋል። አጎቱ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ካሳቫው ጭናቸው ላይ ቀረ።

«አልጣልኩትም» አሉ።

ፉሞ ጣቱን «ሄሽማ» በሚለው ቃል ላይ አኖረ።

«አየህ አይደል? አልጣልኩትም። ስምህ የአላህ ስም አለበት፤ እንዴት አድርጌ እጥለዋለሁ?»

«ደበቁት» አለ ፉሞ። «ስሙን አከበሩና ባለቤቱን ቀበሩት።»

አጎቱ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይቀል ነበር። ረጅም ጊዜ፣ ዝግ ብለው፣ የዕቃ ሒሳብ እንደሚያስረዱ ሰው ተናገሩ። አንተ ብትሄድ የሚጽፍልኝ ሰው ልቀጥር ነበር፤ የሚቀጠረው ደግሞ ዓመት ሳይሞላው ደንበኞቼን ይዞ ይሄዳል፤ ዘመድ ነው የማይሄደው። ልጄ ለሚስቱ ክፍል ይፈልጋል፤ በየቀኑ ይነዘንዘኛል፤ ያን ክፍል ለእናትህ የያዝኩት አንተ እዚህ ስላለህ ነው፤ ያለ አንተ እሷ እዚያ ቤት ማን ናት? ባሕርስ ቢሆን ምን አለው፣ የምታየው ውኃ ነው፣ ከዚህም ታየዋለህ። ይህን ሲሉ በእጃቸው ወደ መስኮቱ አመለከቱ። ፉሞን ከሁሉ ያቺ የእጅ እንቅስቃሴ አመመችው። ሊወጣ ሲነሣ አጎቱ ካሳቫውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ቤት ገብተህ እናትህን እንዳትጨቀጭቃት» አሉት። እንደ አዛኝ ሰው ምክር ወሰደው።

ቤት አልገባም። በማሻገሪያው ጀልባ ከሰርጡ ማዶ ወዳለው ሊኮኒ ተሻገረ። ከሰው፣ ከፍየል፣ ከብስክሌት ጋር ተጨናንቆ ቆሞ፣ ወደ ክፍት ባሕር የሚወጣ የጭነት መርከብ እስኪያልፍ ጀልባው ሲጠብቅ፣ ዓይኑን ወደ እግሩ አደረገ። ያሰበው አንድ ነገር ነው፤ እናቴን ከዚያ ቤት አወጣታለሁ። ወንድሟ ምን እንዳደረገ ስታውቅ እዚያ ጣሪያ ሥር አንድ ሌሊት አታድርም። እናቱን ያውቃታል፤ የተቀደደ ልብስ ትለብሳለች እንጂ የተሰጣትን ንቀት አትለብስም። በጠባብ መንገዶች እየዞረ የሚከራይ ክፍል ጠየቀ። አንዲት ወፍራም የቤት አከራይ በወር አራት ሺህ ሺሊንግ፣ መብራት ለብቻ፣ ውኃ ከጉድጓድ ብላ አንድ ክፍል አሳየችው፤ ቆርቆሮው ዝቅ ያለ፣ ግድግዳው በኮራል ድንጋይ የተሠራ፣ መስኮቱ የጎረቤት ኩሽና የሚያይ።

«ሚስት አለህ?» አለችው።

«ከእናቴ ጋር ነው።»

«እናት ትሻላለች። ሚስት ውኃ ትጨርሳለች፤ እናት ትቆጥባለች።» ከዚያ አየት አድርጋው፣ «አኩርፈህ ነው የመጣኸው?» አለች። አልመለሰላትም፤ ነገ ጠዋት እናቴን ይዤ እመጣለሁ፣ ለሌላ እንዳትሰጪው አላት። እሷም ያኮረፈ ተከራይ ሲበርድለት ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ እኔ እስከ ቀትር ብቻ እጠብቃለሁ አለችው።

ሲመለስ ፀሐይ ልትገባ ነበር። እናቱ ወለሉ ላይ፣ ኮኮናት መፋቂያ የብረት ምላስ ባላት አጭር መቀመጫ ላይ ተቀምጣ፣ የኮኮናቱን ግማሽ በሁለት እጇ እያዞረች ትፍቃለች፤ ነጩ ፍቅፋቂ ሳህኑ ላይ ይወርዳል። ክፍሉ ወደ ባሕሩ የተከፈተ ስለሆነ በዚያ ሰዓት ነፋስ ይገባል፤ አልጋዋ፣ ሳጥኗ፣ የአባቱ ፎቶ፣ ሁሉም በወርቅማ ብርሃን ተቀብተው ነበር። ለምሳ ሳይመጣ ቀርቷልና ሩዙና ዓሣው በክዳን ተሸፍኖ ይጠብቀዋል። ፉሞ ደጃፉ ላይ እንደቆመ፣ ከጀልባው ጀምሮ ሲያዘጋጅ የመጣውን ሁሉ ትቶ ባጭሩ ነገራት፦

«እማ፣ ዕቃሽን አሰናጂ። ነገ ከዚህ እንወጣለን። አጎቴ ደብዳቤዬን ደብቆብኝ ነበር።»

እጇ አልቆመም። ኮኮናቱን አንድ ጊዜ አዞረችው፣ እንደገና አዞረችው። ፉሞ «የትኛውን ደብዳቤ?» እንድትለው ነበር የሚጠብቀው። ምን ብለው ጻፉ፣ ማን ነገረህ፣ ውሸት ነው፣ ወንድሜ ይህን አያደርግም፤ ከእነዚህ አንዱን። ብረቱ ባዶ ቅርፊት መፋቅ እስኪጀምር፣ የቅርፊቱ ቡናማ ዱቄት ነጩ ላይ እስኪወርድ ፋቀች፤ አንድም አልጠየቀችም። ፉሞ ደፉ ላይ ተቀመጠ።

«መቼ ነገረሽ?» አላት በመጨረሻ።

«የመጣ ዕለት።» ድምፅዋ ደረቅ ነበር። «ዙሌካ፣ ልጅሽ ይሂድ ወይስ ክፍሉ ይቅርልሽ፣ አንቺው ምረጪ አለኝ። ምንም አላልኩትም። ዝም ስል መረጠች ብሎ ወሰደው።»

«በየጁምዓው ግን መልስ መጣ ወይ ትይኝ ነበር።»

«ካልጠየቅሽው ይጠረጥራል ያለኝ እሱ ነው።» ከሳህኑ ውስጥ ቡናማውን ዱቄት በጣቷ እየለየች ማውጣት ጀመረች። «መጀመሪያ ለዚያ ብዬ ነበር የምጠይቅህ። ኋላ ኋላ ግን፣ ወላሂ፣ ስጠይቅህ እኔም እጠብቅ ነበር። መጣ ትለኛለህ እያልኩ።»

ከታች የማሊም ሼ ሳቅና የአጎቱ ሳል ተሰማ፤ ከመስጊድ መልስ ደጅ ባለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ ተቀምጠዋል። እናቱ ተነሥታ እጇን ታጠበች፤ ክዳኑን ከፍታ ምግቡን አቀረበች፤ ወፍራሙን የዓሣ ሥጋ እንደ ልማዷ ወደ እሱ ገፋችው። ፉሞ አልበላም ሊል ነበር። ግን ከጠዋት ጀምሮ አልበላም ነበርና ሆዱ ከልቡ ጋር አልመከረም፤ በላ፤ እስኪጠግብ በላ። እሷ ከፊቱ ተቀምጣ፣ ጉልበቷን አቅፋ፣ አንድ ነገር እንዲላት ትጠብቃለች፤ ቢሰድባት ትሸከመዋለች፣ ቢያለቅስ ታቅፈዋለች፤ ለሁለቱም ተዘጋጅታ ነበር። ፉሞ ሲጨርስ እጁን ታጠበ፤ ሳህኑን ራሱ አነሣ። ከዚያ ከክፍሉ ግድግዳ ምስማር ላይ ያለችውን ሸሚዙን ብቻ ወስዶ አጣጠፈና ብብቱ ውስጥ አደረገ።

«አላህ ይስጥልኝ» አላት፤ «እርስዎም ደከሙ።»

እናቱ ሌላ ትልቅ ሰው የገባ መስሏት ወደ በሩ ዞረች።